ከካፕቸሩ በፊት ዴኩ

«የትኛውን ካፕቸር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ካዛንቺስ ከፈረሰች ወዲህ በዝቶብኛል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ስንቱ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ቦታ ሄደ። ዕቃ ሲጫን ደግሞ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን አናት ተረስተው የኖሩ የሰርግ፣ የክርስትናና የምርቃት ካሴቶች ብቅ አሉ። ቂርቆስ ያለችው ሱቄ አሁን በፌስታል የታጨቀ ቪኤችኤስ አይጠፋባትም።

መልሴ ብዙዎችን ቅር ያሰኛል፤ ካፕቸሩን፣ የካሴቱን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ዕቃ፣ መጨረሻ ላይ ግዙት። ወጣቶቹ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ዕቃ ይገዙና ከጎረቤት በተለመነ አቧራ በጠጣ ዴክ፣ ማለት በካሴት ማጫወቻ፣ ይጀምራሉ። ከዚያ «ካፕቸሩ አይረባም» ይላሉ።

የኛ አገር (የፓል) ዴክ ማንበቢያው ሄድ የተገጠመበት ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ በሰከንድ 25 ምስል ያነባል። ያረጀ ጥብጣብ ይለጠጣል፣ ይሸበሸባል፤ የምስሉ መስመሮች አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት እያለ ይወጣሉ። የድሮው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ይህን ችሎ ያሳይ ነበር። ካፕቸር ግን ትዕግሥት የለውም፤ ግራ ሲገባው ምስሉን ይጥለዋል፣ ድምፁን ይቀጥላል። የተጣለው ጥቂት በጥቂት ይጠራቀምና፣ ሙሽሮቹ ኬኩን ቆርሰው፣ ተጎራርሰው ከተቀመጡ በኋላ ነው እልልታው የሚሰማው።

ለዚህ በሽታ የማውቀው ርካሽ መድኃኒት አሮጌ ዲቪዲ ሪከርደር ነው። ዲስክ አይቀዳበትም። በዴኩና በካፕቸሩ መካከል ገብቶ የተንጋደዱትን መስመሮች አስተካክሎ ያሳልፋል። የፓናሶኒኩ ዲኤምአር-ኢኤስ10 በዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ስሙ የታወቀ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ካገኛችሁት ዲስክ ማንበብ ቢያቅተው እንኳ ግዙት። ዴካችሁ የኤስ-ቪዲዮ መውጫ ካለው ደግሞ ቢጫዋን ኬብል ተዉአት።

አንዲት እናት ከዋሽንግተን የተላከላቸውን የልጃቸውን ሰርግ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ከለር የለውም። ተበላሽቷል ብለውኛል።»

«አልተበላሸም፣ እማማ። የአሜሪካ ካሴት ስለሆነ ነው።»

የኛ አገር ቴሌቪዥን ፓል ነው፤ 625 መስመር። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመር ሆኖ በሰከንድ 30 ያህል ምስል አለው። እዚህ ያሉት ብዙዎቹ ዴኮች የአሜሪካውን ካሴት የሚያጫውቱት «ፓል 60» በሚባል ቅይጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ይቀበለዋል፤ አብዛኛው ካፕቸር ግን ቀለሙን ጥሎ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል። ኤንቲኤስሲውን እንዳለ የሚያወጣ ዴክ አግኝተን፣ ኮምፒውተሩንም ኤንቲኤስሲ ላይ ስናደርገው የሙሽራዋ ሚዜዎች ቀይ ቀሚስ እንደለበሱ ታወቀ። እማማ ግን ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ አልተነሳም።

ትንሿ የሚኒ ዲቪ ካሴት ሌላ ናት። ውስጧ ያለው ድሮውንም ዲጂታል ስለሆነ ካፕቸር አያስፈልጋትም፤ ከካሜራው በፋየርዋየር ገመድ በቀጥታ ይገለበጣል። ይህን ሳያውቁ በቢጫዋ ኬብል ቀድተው ጥራቱን የሚያወርዱ ባለሙያዎች አሁንም አሉ።

ደንበኛ ሁሉ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። እልካለሁ፤ ግን ዋናውን ፋይል በሃርድ ዲስክ እንዲወስድ እለምነዋለሁ። በዲቪ ፎርማት የተቀዳ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ቴሌግራም በነፃ የሚያሳልፈው አንድ ፋይል 2 ጊጋ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ከዋናው ተጨምቆ ይወጣል፤ ዋናው ግን ከተጨመቀው አይመለስም።

ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ፤ ካልተሰበረች በስሕተት ይቀዳበታል። አንዱን ሰርግ ስቀዳ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ብድግ እንዳሉ የፈረንሳዩ ዓለም ዋንጫ ተተካ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃል። የሻገተ ካሴትም አታጫውቱ፤ ሻጋታው ሄዱን አበላሽቶ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራል።

ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዴክ ግዙ። ካፕቸር ዛሬም ይመረታል። የዴክ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቁሟል፤ ከእንግዲህ የሚገኘው ያገለገለው ብቻ ነው።