የሠርጋችሁን ካሴት ዴክ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ በቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ፣ እባካችሁ ወደ ዲቪዲ ማስገልበጡን አታቆዩት። ቴፑ ሳይነካም ያረጃል፤ አዲስ ዴክ ማምረትም እ.ኤ.አ. በ2016 ቆሟል።

መጀመሪያ ካሴቱን በመስኮቱ በኩል እዩት። በተጠቀለለው ቴፕ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ሊሆን ይችላል። ሳይጸዳ በፍጹም አታጫውቱት፤ የዴኩን ሄድ ያቆሽሻል፣ ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይዛመታል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ዘመድ ከአሜሪካ በላከው ካሴት ነው። የኛ አገር የቪዲዮ ሥርዓት ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል አለው። ስለዚህ ፓል ብቻ በሚያነብ ዴክ ምስሉ ይዘላል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ካሴቱ ግን ደህና ነው! ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ብቻ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት "ተበላሽቷል" ተብሎ የሚጣል ካሴት ያንገበግበኛል።

ቅጂው የሚወሰደው ካሴቱ እየተጫወተ ስለሆነ የ3 ሰዓት ሠርግ 3 ሰዓት ይፈጃል። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ በጥሩ ጥራት የሚይዘው 2 ሰዓት ያህል ነው፤ ከማጨቅ ለሁለት መክፈል ይሻላል። ዲስክም ስለሚበላሽ ፋይሉን በሃርድ ዲስክ ጭምር ተቀበሉ፤ ዋናውን ካሴትም አትጣሉ።