በ2355 ሜትር ከፍታ ላይ የሚጋገር ቶርታ

ዋሽንግተን ያለች አክስት ለልጇ ልደት የምትጋግረውን ኬክ አሠራር ለአዲስ አበባ ዘመዶቿ በስልክ ትልካለች። እዚህ ያለችው የእህቷ ልጅ ፉርኖ ዱቄቱን፣ ስኳሩንና እንቁላሉን በተጻፈው ልክ ሰፍራ ትጋግራለች። ኬኩ ምድጃ ውስጥ ግሩም አድርጎ ኩፍ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን መሃሉ ይሰረጉዳል። ከዚያ በኋላ የሚወቀሰው ወይ እንቁላሉ ነው፣ ወይ ምድጃው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የጋጋሪዋ እጅ። ይህ ወቀሳ ትክክል አይደለም። አሠራሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ አየር ስለሆነ፣ ሳይስተካከል ከተጋገረ የሠለጠነ እጅም አያድነውም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ዱባይ ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የታሸገ የኬክ ዱቄት ካርቶኑ ላይ ለከፍተኛ ቦታዎች የሚሆን የተለየ መመሪያ ይጻፍበታል፤ መመሪያው ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ከ3500 እስከ 6500 ጫማ ድረስ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 7700 ጫማ ይጠጋል። ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ካርቶን እንኳ የእኛን ከተማ አስቦ አልተዘጋጀም ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ችግሩ በጣም ይቀንሳል።

ግፊት ከኬክ ጋር ምን አገናኘው? ኬክ ሲጀመር አረፋ ነው። የገበታ ቅቤና ስኳር አብረው ሲመቱ የስኳሩ ቅንጣቶች ሹል ጫፍ ቅቤውን እየቧጨረ ጥቃቅን የአየር ኪሶችን ያስገባበታል። ቢጫ የነበረው ቅቤ እየነጣና እየቀለለ የሚሄደው ለዚህ ነው። ቅቤው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ሥራው ይሰምራል። የክረምት ጠዋት ላይ ድንጋይ የሆነ ቅቤ አየር አያስገባም፤ እሳት ላይ የቀለጠ ቅቤም የገባውን አየር አይዝም። ብዙ ሰው ኬኩን የሚያስነሳው ቤኪንግ ፓውደር ይመስለዋል። ቤኪንግ ፓውደር ግን አዲስ አረፋ አይፈጥርም፤ ሲመታ የገባውን አረፋ ነው የሚያሳብጠው። ስለዚህ በምቱ ላይ የቆጠቡትን ጊዜ በኋላ በቤኪንግ ፓውደር መካስ አይቻልም።

ቤኪንግ ፓውደር ራሱ ለቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ኬሚስት አልፍሬድ በርድ ባለቤቱ እርሾ ስለማይስማማት፣ ያለ እርሾ ኩፍ የሚል ዳቦ ሊያበላት ብሎ በ1843 እ.ኤ.አ. ሶዳንና ደረቅ አሲድን አንድ ላይ ቀላቀለ። ሁለቱ ውሃ ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከፊሉ ጋዝ ሊጡ ሲርስ፣ ቀሪው ደግሞ የምድጃው ሙቀት ሲያገኘው ይወጣል።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። ያው የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚለቀው ጋዝ መጠኑ አይለወጥም፤ ነገር ግን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ አዲስ አበባ ላይ ሲሶ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። አረፋዎቹ ከልክ በላይ ይነፋሉ፣ ግድግዳቸው ይሳሳል፣ እርስ በርስ እየተቀዳደዱ ይፈነዳሉ። ኬኩን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሙቀት የሚረጋው የእንቁላል ፕሮቲንና ውሃ መጥጦ የሚያብጠው የዱቄቱ ስታርች። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ። አረፋው ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ እነሱ ካልረጉ፣ የሚደግፈው ስለሌለ መሃሉ ይወድቃል። ዳሩ ከብረቱ ሙቀት ስለሚያገኝ ቀድሞ ይረጋል፤ የሚሰረጉደው ሁልጊዜ መሃሉ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስኳር የሚሠራው ሥራ ብዙም አይነገርለትም። ስኳር ውሃውን ይዞ ስለሚያስቀር ስታርቹም እንቁላሉም የሚረጉበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ጥቅም ነው፤ ኬኩ እስኪነሳ ጊዜ ይሰጠዋል። እኛ ጋ ግን ጉዳት ነው። ውሃው ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር ይበልጥ እየጠነከረ ይሄዳል፣ የመርጋቱም ጊዜ ይበልጥ ይዘገያል።

መፍትሔው ከዚህ ይመነጫል። በእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ላይ ሩቡን መቀነስ፣ በአንድ ኩባያ ስኳር ላይ ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማጉደል፣ በአንድ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ላይ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ የምድጃውን ሙቀት ደግሞ አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ። አንዱን ብቻ መለወጥ የሚበቃበት ኬክ አለ፤ ቅቤና ስኳር የበዛበት ግን ሁሉንም ይፈልጋል። ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ቤኪንግ ፓውደሩን እቀንሳለሁ። የእንቁላል ነጭ ለብቻው ተመትቶ የሚገባበት ከሆነም ቆሞ እስኪደርቅ መምታት አይገባም፤ መምቻው ሲነሳ ጫፉ ወደ ጎን ጎንበስ ሲል ይበቃዋል፤ ምድጃ ውስጥ የሚለጠጥበት አቅም ይተርፈዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የምድጃው በር ባይከፈት ይመረጣል። ኬኩ በዚያ ሰዓት ሙቅ ጋዝ የተሞላ ለስላሳ ሊጥ ነው። ቀዝቃዛ አየር ሲገባበት ጋዙ ይኮማተራል፣ ያልረጋው ግድግዳም አብሮ ይወርዳል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ የሚሆነው ይኸው ነው። ኬኩ ገና በመነሳት ላይ ሳለ ከጠፋ አይተርፍም፤ ላዩ ቡናማ መሆን ከጀመረ በኋላ ከጠፋ ግን በሩን ዘግቶ መጠበቅ ነው፤ የምድጃው ትራፊ ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል። መብሰሉን ለማወቅ ስቴኪኒ መሃሉ ላይ መውጋት አሁንም ጥሩ ዘዴ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት የሚሰጡትን የውስጥ ሙቀት ቁጥር ማሳደድ ግን ኬኩን ያደርቀዋል፤ ውሃው በ92 ዲግሪ በሚፈላበት ከተማ የኬኩ መሃል 98 ዲግሪ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው የሚያወጣው ብስኩት ነው።

የልደት ቀን ጾም ላይ ሲውል ቅቤም እንቁላልም ወተትም ከገበታው ይነሳሉ፤ ኬሚስትሪው ግን ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። በጾም ኬክ ውስጥ አቼቶና ሶዳ ሲገናኙ ጋዙ ወዲያው ይወጣል፤ ስለዚህ አቼቶው መጨረሻ ላይ ገብቶ ሊጡ ሳይውል ሳያድር ምድጃ መግባት አለበት። ለእንቁላል ምትክ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይዘፈዘፋል። ዝልግልጉ አረፋውን ይይዛል፣ እርጥበቱንም ያቆያል፤ ሆኖም እንደ እንቁላል በሙቀት አይረጋም። የጾም ኬክ ጥቅጥቅ የሚለው የሚያቆመው ዱቄቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ የሽምብራ ውሃ ነው። ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ጆኤል ሮሴል በ2014 እ.ኤ.አ. ጥራጥሬ የተቀቀለበት ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሆን አስተዋለ። ሽምብራው ሲቀቀል ፕሮቲንና ስታርች ወደ ውሃው ይፈሳሉ፤ እነሱ ናቸው አየሩን የሚይዙት። ሽምብራ ከቤቷ የማይጠፋ አገር ይህን ውሃ መድፋት የለባትም። እስኪወፍር ተንተክትኮ፣ ቀዝቅዞ በስኳር ሲመታ ለጾም ቶርታ ነጭ መሸፈኛ ይሆናል። ከሱቅ የሚገዛው የአትክልት ክሬም ግን ማሸጊያው ይነበብ፤ ወተት የለውም ከሚባሉት አንዳንዶቹ ሶዲየም ኬዚኔት አለባቸው፤ እሱም የወተት ፕሮቲን ነው።

ማስዋቡ የሚጀመረው ኬኩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ለብ ያለ ኬክ ክሬሙን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ስስ ክሬም ተቀብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ቢቀመጥ ፍርፋሪው ተይዞ ይቀራል፣ ሁለተኛው ቅብ ንጹሕ ይወጣል። ከወተት የሚሠራ ክሬም ተመትቶ እንዲቆም ቢያንስ ሠላሳ በመቶ ስብ ያስፈልገዋል፤ መቀዝቀዝም አለበት፤ የአየሩን ኪሶች ከብበው የሚያቆሙት በከፊል የተጣበቁ የስብ ጠብታዎች ናቸውና። ለቀለም የቀይ ሥር ጭማቂ ክሬም ላይ ውብ ሮዝ ይሰጣል፤ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሲጋገር ግን ሙቀት ስለማይችል ወደ ቡናማ ይሄዳል። እርድ ሙቀቱን ይችላል፤ የማይስማማው ሶዳ ነው። ሶዳ የበዛበት ሊጥ ውስጥ ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ስለሚለወጥ እሱንም ክሬሙ ላይ መጠቀም ይሻላል።

በዋዜማው የተጋገረ ኬክ ክሬም ሳይቀባ ፍሪጅ ውስጥ ባይገባ መልካም ነው። የበሰለ ስታርች መልሶ እየጠነከረ ኬኩን የሚያደርቀው ከሁሉም በላይ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ለስላሳ ይሆናል፤ በዓሉ ብዙ ቀን ከቀረው ደግሞ በረዶ ቤት ይግባ፤ እዚያ ስታርቹ አይንቀሳቀስም። ክሬሙ የበዓሉ ዕለት ጠዋት ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ፍሪጅ ነው፤ ከመቆረሱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወጣ ክሬሙም ኬኩም ለመብላት ይመቻሉ።