የሌሊት ተረኛዋ ደብዳቤ

በአስተማሪነት ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ከማያመልጣቸው ሥራዎች አንዱ የሰው ደብዳቤ ማረም ነው። ቀድሞ ያስተማርናቸው ልጆች አድገው ሥራ ከያዙ በኋላም ማመልከቻ በጻፉ ጊዜ «መምህር፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» እያሉ ይመጣሉ። በአንድ የእሑድ ረፋድም አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ወረቀት ይዛ ከቤቴ ደረሰች። በነርስነት ተመርቃ ከተቀጠረች 9 ዓመት ሆኗታል። ልብሷን ብትለውጥም ሌሊቱን ስትሠራ አድራ መምጣቷ ከዐይኖቿ ይታወቅ ነበር።

ወረቀቱ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። በጥሩ አማርኛ ተጽፏል፤ የፊደል ግድፈትም አላገኘሁበትም። ነገር ግን ከሁለተኛው መስመር ላይ «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» የሚል ቃል አነበብሁና «ልጄ፣ በቤትሽ ምን ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አልደረሰም፣ መምህር። ሰው ሁሉ እንዲህ ብሎ ስለሚጽፍ ነው» አለችኝ።

«እንግዲያስ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው?»

ጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የነገረችኝን ባጭሩ እጽፈዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በተረኛነቷ ሌሊት፣ አርባ ያህል ሕሙማን በተኙበት ክፍል ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ብቻ ነበረች። በአንደኛው ጥግ ለአንድ ሕመምተኛ ጉሉኮስ ስትቀይር በሌላው ጥግ አንድ ሽማግሌ ማንም ሳያያቸው አረፉ። ሲነጋ የሽማግሌው ልጅ መጥቶ «ሲስተር፣ የት ነበርሽ?» አላት።

«መልስ አጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሕሙማኑን ፊት ማየት ትቻለሁ። ካርዱን አያለሁ፤ የአልጋውን ቁጥር አያለሁ፤ ፊታቸውን ግን አላይም። ፊት የማታይ ነርስ ምን ትረባለች? እኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሁ አይደለሁም፣ መምህር» አለች።

እኔም ደብዳቤውን አጥፌ ከመጽሐፍ መካከል አኖርሁትና «አርምልሻለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም። በልተሽ ተኚ፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ተመልሰሽ ነይ» አልኋት። ባለቤቴ ቁርስ አቀረበችላት፤ ከጓዳም አነጠፈችላት። እስከ ማታ አልነቃችም።

ይህን ታሪክ ማንሣቴ ስለ እርስዋ ብቻ ብዬ አይደለም። በየቤታችን ነርስ የሆነች ልጅ ወይም እኅት፣ ነርስ የሆነ ወንድም ወይም ባል አለ፤ በአገር ቤትም በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹም እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በልባቸው ይዘው ይዞራሉ። የሚበዙት ድካማቸውን እንደ ጥፋት ስለሚቈጥሩት እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አይናገሩም፤ ለራሳቸውም አይናገሩም።

ይህ ድካም ግን በሊቃውንት የተመረመረ፣ ስምም የተሰጠው ነገር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒው ዮርክ የሚኖር የሥነ ልቦና ሊቅ በነፃ ሕክምና ቤት ያገለግሉ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች በትጋታቸው ብዛት እንዴት እንደሚዝሉ አይቶ ጻፈ። ሰነፎቹ ሳይሆኑ ትጉሃኑ መዛላቸውን ልብ ይሏል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንን የሥራ መዛል በሽታ ሳይሆን በሚገባ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ በሦስት ምልክት ገለጸው። አንደኛው የኀይል መሟጠጥ ነው፤ ሁለተኛው ልብን ከሥራው ማራቅና ሥራውን መጥላት ነው፤ ሦስተኛው «የምሠራው ሁሉ አይረባም» ማለት ነው። ተማሪዬ «ፊታቸውን አላይም» ያለችው ሁለተኛው፣ «ምን እረባለሁ» ያለችው ሦስተኛው ምልክት መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ክፋት መስሎ የታያት ነገር ብዙ የተሸከመ ልብ ራሱን የሚከልልበት መጋረጃ ነበር።

ደግሞም ጉዳዩ የአንዲት ነርስ ጥንካሬ ወይም ድካም ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት 168 ሆስፒታሎች የተመረመሩበት፣ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። በዚያ ጥናት እንደ ተገኘው በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቍጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ፣ ነርሷ የመዛሏ ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ይላል። የካሊፎርኒያ ግዛትም በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ከ2004 ጀምሮ በሠራበት ሕግ በአንዲት ነርስ እጅ የሚሰጡትን ሕሙማን ቍጥር ወስኗል፤ በተራው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ክፍል ከ2005 ወዲህ ከ5 እንዳይበልጡ ታዟል። የእኛ አባቶች ይህን ያለ ጥናት «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ተናግረውታል። እንግዲህ ሁለት ሴቶች አርባ ሰው ሲጠብቁ ካደሩ «የት ነበርሽ?» የሚለው ጥያቄ ለአንዲቱ ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ውሳኔው እንመለስ። ተማሪዬ ደብዳቤዋን የጻፈችው ሌሊቱን ሠርታ በወጣችበት ጧት ነው። በአውስትራሊያ ተመርምሮ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይቷል። ጠጥቶ ውል የሚፈርም ሰው ብናይ እጁን እንይዘዋለን፤ ከሌሊት ተረኛነት ወጥታ የሕይወቷን ውል የምታፈርሰውን ግን «የሚሻልሽን አንቺ ታውቂያለሽ» ብለን እናሰናብታለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የነቢዩ የኤልያስን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ደክሞት ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ ስለ ወደፊቱ ሥራውም ወዲያው አልነገረውም። አስቀድሞ አበላው፣ አጠጣው፤ ነቢዩም ተኛ፤ ዳግመኛም አበላው። ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ የተነገረው፣ ረዳቱም ኤልሳዕ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዐሥር ቀን በኋላ ልጅቱ ስትመለስ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋት። ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ለሚል ነርስ ሁሉ የሚጠቅሙ ስለ መሰለኝ እዚህ አኖራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ድካሙ የሥጋ ነውን?» የሚል ነው። ጥቂት ቀን በሚገባ ተኝታ፣ የዓመት ፈቃዷንም ወስዳ ልቧ ከተመለሰ የጐደላት ዕረፍት እንጂ ሌላ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለችው የሌሊት ተራ እንዳይደራረብባት ትጠይቅ፤ ቀን የምትተኛበትን ክፍል በመጋረጃ ታጨልም፤ ለጥቂት ብር ስትል የሌላውን ተራ በራሷ ላይ አትጨምር። በጾም ወራት ሌሊት የምትሠራም ሥርዓቷን በራሷ ከማክበድ ወይም በራሷ ከመተው ለንስሐ አባቷ ነግራ እንደ አቅሟ ትመከር።

ሁለተኛው «ድካሙ የቦታው ነውን?» የሚል ነው። ዐርፋ ተመልሳ የሆስፒታሉን በር ስታይ ሆዷ የሚባባ ከሆነ ምክንያቱ ከቦታው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ደብተር ትያዝ፤ ለአንድ ወር በየተራዋ ስንት ሕሙማን፣ ስንት ነርሶች እንደ ነበሩና ጊዜ አጥሮ ምን ሳይሠራ እንደ ቀረ ትጻፍ። «በዛብኝ» የሚል ቃል እንደ ማጕረምረም ይቈጠራል፤ በቀንና በቍጥር የተጻፈ ማስታወሻ ግን ማስረጃ ነው። ያንን ለማትሮኗ በጽሑፍ አቅርባ ወደ ሌላ ክፍል መዛወርን ትጠይቅ።

ሦስተኛው «ድካሙ የሙያው ነውን?» የሚል ነው። ዕረፍትም ዝውውርም አግኝታ፣ አንድ በሽተኛ ድኖ በእግሩ ሲወጣ አይታ ልቧ ምንም ካላለ፣ ሌላ ሙያ መፈለግ ነውር አይደለም። ነገር ግን በቅድሚያ የገባችበት የአገልግሎት ውል እንዳለ ትመርምር፤ የጥቂት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ ታስቀምጥ፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ማስጠንቀቂያ ሰጥታ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋንና ክሊራንሷን ይዛ በሰላም ትውጣ።

ከሕሙማን አልጋ አጠገብ መራቅም ሁልጊዜ ሙያን መተው አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከ1854 እስከ 1856 እ.ኤ.አ. ቍስለኞችን ስትረዳ ቈይታ ጤናዋ ተጐድቶ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ዘመኗን በሕመም ከቤት ሳትወጣ አሳለፈች። ይሁን እንጂ ስለ ነርስነት የጻፈችው መጽሐፍ በ1859፣ በስሟ የተቋቋመው የነርሶች ትምህርት ቤት በ1860 እ.ኤ.አ. የተገኙት ከዚያ ከሕመሟ በኋላ ነው። በእኛም አገር አንዲት ነርስ በአዋላጅነት፣ በማደንዘዣ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ልትሠለጥን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ልትዛወር ወይም አስተማሪ ልትሆን ትችላለች።

ወደ ውጭ አገር መሄድን መድኀኒት አድርገው የሚያስቡም ብዙ ናቸው። መሄድ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን በአሜሪካ ነርስ ሆኖ ለመሥራት የፈቃድ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፤ ከአገራችን ከሄዱት መካከል ያንን እስኪያልፉ በረዳትነት አረጋውያንን ሲያጥቡና ሲያነሡ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሮጡ የቈዩ አሉ። ስለ ነርሶች መዛል ከላይ የጠቀስሁት ጥናትም የተደረገው በዚያው በአሜሪካ ነው። ስለዚህ ደመወዝ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ደመወዝ ፍለጋ መሄዱን፣ ከድካም የሚሸሽም ከየትኛው ድካም እንደሚሸሽ አስቀድሞ ይወቅ።

ለቤተሰብም የምለው አለኝ። ነርሶችን ማመስገን እናውቅበታለን። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው መመረቃቸውን፣ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ገና በ22 ዓመታቸው ማረፋቸውን እያነሣን፣ የንጉሥ ልጅ የመረጠችው ሙያ ነው ብለን እናከብረዋለን። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምስጋና እንቅልፍን አይተካም። ሌሊት ሠርታ የመጣችው ልጅ ገና ጋደም ስትል ከደጅ ቡና ይወቀጣል፤ እንግዳ መጣ ተብላ ትቀሰቀሳለች፤ ለቅሶ ቀረች ተብላ ትታማለች፤ ጎረቤትም መድኀኒቱን ይዞ «መርፌ ውጊልኝ» ብሎ በር ይመታል። እናት ወይም ባል በሩ ላይ ቆሞ «ተኝታለች፤ ማታ ተመለሱ» ቢል እርሱም ሕሙማንን እንደ መርዳት ይቈጠራል። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ከሰው ከራቀች ወይም ሞትን ካነሣች ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ ጸሎቱና ጠበሉ ሳይቀር ወደ አእምሮ ሐኪም ሊወስዷት ይገባል።

ተማሪዬ ከሦስቱ ጥያቄ ሁለተኛው የእርስዋ መሆኑን ተረዳች። አዲስ ደብዳቤ ጻፈች፤ እርሱን አረምሁት። የዚያ ሌሊት የሕሙማንና የነርሶች ቍጥር፣ የሽማግሌው አሟሟትም በግልጽ ተጽፎበታል፤ «በቤተሰብ ጉዳይ» የሚል ቃል የለበትም። የመጀመሪያው መልስ «ለጊዜው አይቻልም» የሚል ነበር። በሁለተኛው ማመልከቻዋ ወደ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ተዛወረች። ዛሬም ይደክማታል፤ አንዳንድ ሌሊትም የሽማግሌው ልጅ ጥያቄ ይታወሳታል። የምትይዛቸውን ሕፃናት ግን በየስማቸው እየጠራች ታጫውተኛለች።

የቀድሞው ደብዳቤ አሁንም ከመጽሐፌ መካከል አለ። ልትወስደው ብትፈልግ እሰጣታለሁ፤ የራስዋ ነውና። ነገር ግን ዕለቱን ዐርፋ፣ ምክንያቱንም በእውነት ጽፋ እንድትወስደው እሻለሁ። በቤታችሁ ነርስ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ነገ ጧት ከተረኛነቷ ስትመለስ ከሁሉ አስቀድማችሁ አብሏት፣ ቤቱንም ጸጥ አድርጋችሁ አስተኟት፤ ስትነቃም «ሌሊቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ጨርሳ እስክትናገርም አድምጧት።