ዙሪያው ሲጨምር ስፋቱም ይጨምራል?

አንዲት ተማሪ ደስ ብሏት ወደ መምህሯ ትመጣለች። ማንም ያላስተማራትን ሕግ አግኝታለች፦ የአንድ ቅርጽ ዙሪያ በጨመረ ቁጥር ስፋቱም ይጨምራል። ማስረጃም ይዛለች። ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ዙሪያው 16 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 16 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4 የሆነ ሬክታንግል ግን ዙሪያው 24፣ ስፋቱ 32 ነው። መምህሯ ምን ይበሏት?

ይህ ጥያቄ ለ23 አሜሪካውያንና ለ72 ቻይናውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራን ቀርቦ ነበር። ውጤቱን ሊፒንግ ማ የተባሉት ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈውታል። ከአሜሪካውያኑ መካከል ሐሳቡን ራሳቸው መርምረው ትክክለኛው መልስ ላይ የደረሱት አንድ መምህር ብቻ ነበሩ። ከቻይናውያኑ አብዛኞቹ ደርሰውበታል።

የልጅቷ ስሌት ስሕተት የለበትም። ግን ምሳሌ ቢደራረብስ ሕግ ይሆናል? በክብ ጠርዝ ላይ 2 ነጥቦች አድርገን በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው ክቡ ለ2 ይከፈላል። 3 ነጥቦችን እርስ በርስ ብናገናኝ 4 ክፍል፣ በ4 ነጥቦች 8፣ በ5 ነጥቦች 16 ክፍል እናገኛለን። በ6 ነጥቦች 32 ይሆናል ብሎ የማይጠብቅ ማን አለ? መስመሮቹን እንደፈለግን ብናሰምር ግን ከ31 አያልፍም። አራት ምሳሌ ተስማምቶ አምስተኛው አፈረሰው።

ስለዚህ መፈተን ማለት የሚያፈርሰውን ምሳሌ አጥብቆ መፈለግ ነው። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ሬክታንግል እንሥራ። ዙሪያው 22 ነው፤ ከልጅቷ ካሬ ይበልጣል። ስፋቱ ግን 10 ብቻ ነው። ሕጉ ፈረሰ፤ ለማፍረስ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

መቀስ ደግሞ ከቁጥር በላይ ያሳያል። የልጅቷን 8 በ4 ሬክታንግል ከወረቀት ሥሩና ከማዕዘኑ ላይ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ካሬ ቁረጡ። ስፋቱ ወደ 31 ወረደ፤ ዙሪያው ግን ያው 24 ነው፤ ሁለት ጠርዝ ሄዶ ሁለት ጠርዝ ተተክቷልና። ያችኑ ካሬ ከማዕዘኑ ሳይሆን ከጎኑ መካከል ብትቆርጧትስ? አንድ ጠርዝ ይሄዳል፣ ሦስት ይመጣል፤ ዙሪያው 26 ይሆናል። ወረቀቱ አነሰ፣ ዙሪያው ረዘመ! ይህን በእጁ የቆረጠ ልጅ ዙሪያና ስፋት ለየቅል መሆናቸውን አይረሳም።

ብዙዎች እዚህ ላይ «ተሳስተሻል» ብለው ይዘጉታል። ይህ ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል፤ የሚጣፍጠው ጥያቄ ገና አልተነሣምና። የልጅቷ ሐሳብ እውነት የሚሆነው መቼ ነው? ምሳሌዋን እንደገና ተመልከቱ፦ 4 በ4 የነበረው 4 በ8 ሆነ፤ አንዱ ጎን አልተነካም። ወርዱ 4 ሆኖ እስከቆየ ድረስ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ዙሪያው በ2፣ ስፋቱ በ4 ይጨምራል። ይህ ከ8 ወደ 9 ሲኬድም ከ100 ወደ 101 ሲኬድም አይለወጥም። ይህ ሌላ ምሳሌ አይደለም፤ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንዱ ጎን ሳይለወጥ ሌላው ብቻ በሚያድግ ሬክታንግል ላይ ልጅቷ ልክ ናት።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፣ ልጅ «ሕግ አገኘሁ» ብሎ ሲመጣ ትክክል ነው ወይም አይደለም ከማለታችሁ በፊት ወረቀትና መቀስ አቀብሉት።