ግራፍን በመስኮት ሳያሳዩ በፋይል ስለ ማስቀመጥ

የእርሻ ሥራ የሚቀናው የዝናቡንና የመሬቱን ነገር አስቀድሞ በቍጥር በማወቅ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቍጥር በሠንጠረዥ ተደርድሮ ብቻ ሲቀርብ ነገሩ ቶሎ አይታይም፤ በግራፍ ሲሣል ግን ዝናቡ በየትኛው ወር እንደ ጐደለ ለተመልካች ወዲያው ይገለጥለታል። ስለዚህ የየወረዳውን ቍጥር በኮምፒዩተር ለሚያሠሩ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ግራፍ የሚሣልበት ዋና መሣሪያ ማትፕሎትሊብ ይባላል። የጀመረውም ጆን ሀንተር ሲሆን በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ለሕዝብ ወጣ። በዚህ መሣሪያ ሾው የተባለው ትእዛዝ ግራፉን በመስኮት ያሳያል፤ ሴቭፊግ የተባለው ግን በፋይል ያስቀምጣል። ጽሑፉ በተለመደው መንገድ ሲሠራ፣ ሾው ከተባለ በኋላ ሰው መስኮቱን እስኪዘጋ ድረስ ቀጣዩ ትእዛዝ አይፈጸምም። እንግዲህ ጸሓፊው የ100 ወረዳ ግራፍ በሌሊት እንዲሣል አዝዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ በማግሥቱ የመጀመሪያውን ብቻ ተከፍቶ ያገኘዋል፤ 99ኙ አልተሣሉም። ዘር የሚላክበት ቀን ግን አይጠብቅም።

መድኀኒቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በትእዛዙ ጽሑፍ መጀመሪያ፣ ፓይፕሎት ከመጠራቱ በፊት፣ ዩዝ በሚለው ትእዛዝ አግ የተባለውን የሥዕል ክፍል መምረጥ ነው። አግ ሥዕሉን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይሠራል እንጂ መስኮት አይከፍትም፤ ስለዚህ ስክሪን በሌለው ሰርቨር እንኳ ያለ ችግር ይሠራል።

ሁለተኛ፤ በሾው ፈንታ ሴቭፊግን ከፋይሉ ስም ጋራ መጻፍ ነው። የስሙ መጨረሻ የፋይሉን ዓይነት ይወስናል፤ ፒኤንጂ በነጥብ የተሠራ ሥዕል ሲሆን፣ በፒዲኤፍና በኤስቪጂ የተቀመጠ መስመር ግን ቢያሳድጉት አይደበዝዝም። ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ የፒኤንጂ ሥዕል ወርዱ 640፣ ቁመቱ 480 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም በአንድ ኢንች 100 ነጥብ ማለት ነው። ለማተሚያ ሲሆን ወደ 300 ከፍ ማድረግ ይገባል።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ግራፍ ከተቀመጠ በኋላ ክሎዝ በሚለው ትእዛዝ መዝጋት ነው። ያልተዘጋ ግራፍ ባይታይም የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ ይዞ ይቀራል፤ ቍጥራቸው ከ20 ሲያልፍ መሣሪያው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ከዚህም ሌላ ለእያንዳንዱ ፋይል የወረዳውንና የዘመኑን ስም መስጠት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድ ስም ቢቀመጡ የኋለኛው የፊተኛውን ሳይጠይቅ ያጠፋዋልና። የሚቀመጡበትም ማኅደር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፤ ሴቭፊግ ራሱ አያበጀውም።

በመጨረሻም፣ መሣሪያው አብሮት የሚመጣው ፊደል የግእዝን ፊደል ስለማይዝ፣ የወረዳው ስም በአማርኛ ቢጻፍ በስሙ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይወጣሉ። ስለዚህ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፊደል በኮምፒዩተሩ ላይ መጫንና በጽሑፉ ውስጥ ማዘዝ ይገባል። ሥዕሉ ሲሣል የሚያየው ሰው ስለሌለ ስሕተቱም አይታይም። እንግዲህ ብልህ ሠራተኛ ሁሉንም ከማዘዙ በፊት የአንድ ወረዳ ግራፍ ብቻ አሥሎ፣ ፋይሉን ከፍቶ በዓይኑ ይመርምር፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለሌሊቱ ቢተው ጧት ሥራው ተፈጽሞ ያገኘዋል።