ያገለገለ ስልክ ከመግዛትሽ በፊት
ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ አንድ እሁድ ዶራ ወጥቼ ያገለገለ አይፎን ገዛሁ። የሁለት ወር ደሞዜ ነው የሄደው! ማታ ሪሴት ሳደርገው የማላውቀውን ሰው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ባለቤቱ ካልለቀቀው አይከፈትም። በሳምንቱ ብመለስ ሻጩ የለም።

እህቴ፣ ገንዘቡን ሳትሰጪ ሻጩ ከአካውንቱ ወጥቶ እዚያው ፊትሽ ሪሴት ያድርገው፤ አንድሮይድም የድሮውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ከዚያ የራስሽን ሲም አስገብተሽ ደውዪ። በዋይፋይ መሥራቱ አያታልልሽ፤ ተሰርቋል ተብሎ የታገደ ስልክ ዋይፋይ ላይ ይሠራል፣ በሲም ግን አያስደውልም። *#06# ስትነኪ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ይህ ቁጥርና የሻጩ ስም ያለበት ደረሰኝም ተቀበዪ። ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።