ፓኬጅ ከማሳደግ በፊት ዲሹን ማየት

ሐዋሳ ላይ፣ በተለይ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የዲሾቹ አቅጣጫ ብዙ ይናገራል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ያዞረው ናይልሳትን የሚከተል ነው። ሐይቁን በጀርባው ትቶ ወደ ምሥራቅ ያንጋጠጠው የኢትዮሳት ነው። ከሁለቱም ይበልጥ ወደ አናት የተንጋለለው ደግሞ የዲኤስቲቪ ነው። እያንዳንዱ ዲሽ አንድ ቤተሰብ በአንድ ወቅት የወሰነውን ውሳኔ ያሳያል፤ ያኔ ያስፈልጋል ተብሎ ተገዝቶ፣ ዛሬ ገመዱ ተነቅሎ ዝገት ብቻ የሚያጠራቅምም አለበት። ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛውን ፓኬጅ እንግዛ? ወደ የትኛው እንደግ?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ አሁን ያለው አገልግሎት የሚያንሰው በምን በኩል ነው የሚለው ነው። ጉድለቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሳለ ወርሃዊ ክፍያ መጨመር ምንም አይለውጥም፤ የሐዋሳ ቤቶች ጉድለት ደግሞ በአብዛኛው ጣሪያ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን ለመረዳት በ2012 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይገባል። ከዚያ በፊት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚገኙት በአብዛኛው ከዐረብ አገሮች ጣቢያዎች ጋር ተደባልቀው፣ በናይልሳት በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ የሳተላይት ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ኢትዮሳት የሚባለውን መድረክ አቋቋመ፤ ጣቢያዎቹም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ተሻገሩ። የአገር ውስጥ ጣቢያ መከታተል የሚፈልግ ቤት ሁሉ ዲሹን ማዞር ነበረበት። ሪሲቨሩ አሮጌ ሆኖ ኤምፔግ-2 የተባለውን የቆየ የሥዕል ማመቂያ ብቻ የሚያነብ የነበረው ቤት አዲስ መግዛት ግድ ሆነበት። የአገራችን ተመልካች ካለፈባቸው የቴሌቪዥን ማሻሻያዎች ሁሉ ሰፊው ይህ ይመስለኛል፤ ወርሃዊ ክፍያ ግን አልነበረውም። ዛሬ ኢቲቪም፣ ኢቢኤስም፣ ፋናም፣ መቀመጫውን እዚሁ ሐዋሳ ያደረገው ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም በአንድ ዲሽ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ስለዚህ ለተጨማሪ አገልግሎት የሚከፍል ሰው ክፍያውን የሚያነጻጽረው ከባዶ ሜዳ ጋር አይደለም፤ ያለ ክፍያ እጁ ላይ ካለው ጋር ነው።

ለውጡ ለሐዋሳ ሰው ሌላም ጥቅም ይዞለት መጥቷል፤ ብዙ ግን አይነገርለትም። ከተማዋ ካለችበት ቦታ ሲሰላ ናይልሳት ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ በምዕራብ በኩል ይገኛል፤ ኢትዮሳት ግን 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚታየው። ዝቅ ብሎ የሚመጣን ሲግናል የጎረቤት ፎቅ ወይም የሐይቁ ዳር ሾላ በቀላሉ ይጋርደዋል፤ ከከፍታ የሚወርደውን ለመጋረድ ግን ዛፉ ዲሹ አጠገብ መሆን አለበት። ዝናብም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ በዝናብ ጠብታ የሚዳከም ዓይነት ነው፤ ከፍ ካለ ሳተላይት ሲመጣ ግን ዝናቡን አቋርጦ የሚጓዘው መንገድ በሢሶ ያህል ያጥራል። የሐዋሳ ዝናብ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ የሚዘልቅ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በክረምት ኢትዮሳቱ ቶሎ ቶሎ የሚቋረጥበት ቤት «ሳተላይቱ ደካማ ነው፣ የሚከፈልበት ይሻላል» ብሎ ከመደምደሙ በፊት ዲሹን መጠርጠር አለበት።

ዲሹን መጠርጠር ማለት ደግሞ ቀላል ሥራ ነው። የሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ አንዱ የሲግናሉን ጉልበት፣ ሁለተኛው ጥራቱን ወይም ኳሊቲውን ያሳያል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሲያይ ይረካል፤ እሱ ግን ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ፣ ኤልኤንቢው፣ ኤሌክትሪክ አግኝቶ መሥራቱን ከማሳየት ብዙም አያልፍም። ሥዕሉን የሚወስነው ኳሊቲው ነው። ዲጂታል ሥዕል እንደ ድሮው አንቴና ቀስ በቀስ እየደበዘዘ አይሄድም፤ ኳሊቲው ከተወሰነ ነጥብ እስኪወርድ ድረስ ጥርት ብሎ ይታይና ከዚያ በታች በአንድ ጊዜ ይሰባበራል፣ ይጠፋል። በጠራ ቀን ከዚያ ነጥብ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ የሚሠራ ዲሽ ፀሐይ ላይ ፍጹም መስሎ ይታያል፤ ደመናው ሲከብድ ግን ይከዳል። የዲሽ ባለሙያ ጥሩ ሠራ የሚባለው ሥዕል ስላመጣ ብቻ አይደለም፤ ኳሊቲውን ሊደርስ እስከሚችልበት ጣሪያ ገፍቶ ሲያስር ነው።

የዲሹ ስፋትም እዚህ ላይ ይገባል። 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ከ60 ሳንቲ ሜትሩ በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ የሚበልጥ ይመስላል፤ ሲግናል የሚሰበስበው ግን የፊቱ ጠቅላላ ስፋት ስለሆነ በትክክል 2.25 እጥፍ ይሰበስባል። ይህ ልዩነት ዝናብ ሲመጣ የሚበላው ስንቅ ነው። ትልቁ ዲሽ ግን የራሱ ጥያቄ አለው፤ ዓይኑ ጠባብ ነው። ከትክክለኛው አቅጣጫ አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ የሲግናሉ ግማሽ ያህል ይጠፋል፤ አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ በዲሹ ጠርዝ ላይ ሲለካ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ነፋስ ያላላው ብሎን፣ ወይም ክንዱ ላይ ያረፈ አንድ አባ ኮዳ ይህን ያህል ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ የአባ ኮዳ አገር ነው። ስለዚህ ትልቅ ዲሽ የሚገዛ ሰው ጠንካራ እግርና ጥብቅ ብሎን አብሮ መግዛት አለበት። ገመዱም እንዲሁ ይታይ። ውኃ የገባበት ኮኔክተር፣ በየቦታው ተቀጥሎ የረዘመ ኬብል፣ ፀሐይ የሰነጠቀው የኤልኤንቢ ክዳን፣ እነዚህን መለወጥ የሚጠይቀው ወጪ አንድ ጊዜ የሚወጣና በየወሩ የማይመለስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማባበያ ኤችዲ ነው። ኤችዲ ከተለመደው ሥዕል ይሻላል፤ እሱ አያከራክርም። የሚያከራክረው ልዩነቱ በማን ሳሎን ውስጥ ይታያል የሚለው ነው። የተለመደው ሥዕል ከላይ እስከ ታች 576 መስመሮች አሉት፤ ሙሉ ኤችዲ 1080። ጤነኛ ዓይን ሁለት መስመሮችን ለይቶ የሚያይበት ርቀት ወሰን አለው። በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የተለመደው ሥዕል መስመሮች ከ2.4 ሜትር ገደማ በኋላ ለዓይን ይዋሃዳሉ፤ ሦስት ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የኤችዲ ተጨማሪ መስመሮች ብዙም አይጠቅሙትም። 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ግን የመዋሃጃው ርቀት ወደ 4 ሜትር ይገፋል፤ በሦስት ሜትር ላይ ኤችዲው በግልጽ ይለያል። የ55 ኢንቹን ፎርኬ ሥዕል በሙሉ ለማጣጣም ደግሞ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይርቁ መቀመጥ ይጠይቃል፤ እንዲህ ተጠግቶ የሚያይ ቤተሰብ አላውቅም። እንግዲህ ትንሽ ስክሪን ይዞ ለኤችዲ ፓኬጅ መክፈል ያለ ቦታው የወጣ ገንዘብ ነው። ሪሲቨር ለመለወጥ ለወሰነ ሰው ግን ኤች.265 የተባለውን አዲሱን የሥዕል ማመቂያ የሚያነብ መምረጥ ተገቢ ነው፤ የ2012ቱ ለውጥ እንዳሳየው ጣቢያዎች አሠራራቸውን ሲለውጡ አሮጌ ሪሲቨር ያለው ሰው ነው ከውጭ የሚቀረው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳ በነፃው አገልግሎት በአብዛኛው የማይገኝ ነገር አለ፤ እሱም በዋነኛነት ቀጥታ የሚተላለፍ እግር ኳስ ነው። የሚከፈልበትን አገልግሎት በዚህ ላይ ማቃለል ፍትሐዊ አይሆንም። ዲኤስቲቪ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ለአምስት ዓመት የማስተላለፍ መብት ሲገዛ የአገራችን ክለቦች ጨዋታ በብዙ ካሜራና በጥሩ ጥራት ታየ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየምም ውድድሩን ካስተናገዱት ሜዳዎች አንዱ ሆነ፤ ሊጉን በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ያነሳውን ሐዋሳ ከተማን የሚደግፍ ሰው ቡድኑ ሌላ ከተማ ሲጫወት እንኳ በቀጥታ ሊያየው ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አቦል የተባለው የአማርኛ ጣቢያ በ2014 ዓ.ም. ሲጀመርም ድራማ ለሚወድ ቤተሰብ ሌላ ምክንያት ተጨመረ፤ ምንም እንኳ እኔ ለድራማ ብቻ ብሎ መክፈልን ባልመክርም፣ ነፃዎቹ ጣቢያዎች በድራማ በኩል አያስርቡምና።

ታዲያ ለእግር ኳስ የሚከፍል ሰው ሒሳቡን እንዴት ያስላ? የጣቢያዎቹን ብዛት መቁጠር አያስፈልግም፤ ከመቶ ጣቢያ ውስጥ አንድ ቤት በእርግጥ የሚያየው ጥቂቱን ነው። የወሩን ክፍያ ወስዶ በዚያ ወር ቤት ውስጥ በሚያያቸው ጨዋታዎች ቁጥር ማካፈል ነው። የሚገኘውን ቁጥር ሠፈር ውስጥ ካለው ዲኤስቲቪ ቤት የአንድ ጨዋታ መግቢያ ጋር ያስተያየው። በሳምንት አንድ ጨዋታ ብቻ የሚያይ ብቸኛ ሰው በአብዛኛው የዲኤስቲቪ ቤቱ ያዋጣዋል፤ ከነጩኸቱም ከነጨዋታ ወዳጆቹም። አባት፣ ሦስት ወንድሞችና እኅት ሆነው ቅዳሜና እሑድ የሚያዩበት ቤት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ማምሻውን መውጣት የማይመቻቸው ሴት ደጋፊዎችና አረጋውያንም በዚህ ስሌት ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ለእነሱ ከቤት ውጭ ያለው አማራጭ ስሙ እንጂ ግብሩ የለም። ሌላው ነገር ክፍያው በቅድሚያ በየወሩ የሚፈጸም መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ሊግ ከግንቦት አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ ያርፋል፤ ያ ወቅት በሐዋሳ ሰማዩ የሚከብድበት ነው። ትልቅ ውድድር ከሌለ በእነዚያ ወራት ክፍያውን ማቆምና በነፃው መቆየት ማንንም አይጎዳም።

በዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሚዛን የሚደፉም አሉባቸው። አንዱ «ዛሬ ካልገዛሁ ነገ ይወደዳል» የሚለው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ዕቃ ቀድሞ የገዛ ሰው ያኔ አትርፏል። ክርክሩ ለዕቃ ይሠራል፤ ለወርሃዊ ክፍያ ግን አይሠራም፤ የዛሬን ወር መክፈል የከርሞውን ዋጋ አያስቆመውም። እንዲያውም የሚመከረው ተቃራኒው ነው። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነ ዲኮደር ከዚያ ኩባንያ ዋጋ ጋር ያስራል፤ ጥሩ ዲሽ፣ ጥሩ ገመድና ክፍት ሪሲቨር ግን ከማንም ጋር አያስሩም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ቋሚ አይደሉም፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ የዲኤስቲቪን ባለቤት መልቲቾይስን ጠቅልሎ ሲይዝ ደንበኛውን ማንም አላማከረውም። የጨዋታ መብትም ቢሆን ዘመን ተቆርጦለት የሚሸጥ እንጂ ከፓኬጅ ጋር ተሰፍቶ የሚኖር አይደለም።

ሌላው «ሰርቨር ያለው ሪሲቨር ገዝቼ ሁሉንም በርካሽ አያለሁ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው የዋናው ክፍያ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት መሆኑን እረዳለሁ፤ በዚህ መፍረድ አልፈልግም። ነገር ግን የተቆለፈን ሥርጭት ያለ ፈቃድ መክፈት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብትን መንካት ነው። ከሕጉም ሌላ፣ ሰርቨሩ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ጣቢያው ቁልፉን ሲለውጥ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘጋውም ሰው ሁሉ በሚፈልገው ትልቅ ጨዋታ ላይ ነው፤ ገንዘቡን ለመመለስ የሚጠየቅ አካል ደግሞ የለም። ርካሽ መስሎ የሚታየው ዓመቱን ሙሉ ሳይደመር ነው።

ኢንተርኔት መጥቶ ዲሹን ያስጥለዋል የሚሉም አሉ። ለአጫጭር ቪዲዮ ልክ ናቸው። ለጨዋታ ግን ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚገልጸው የኤችዲ ሥዕል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት የሚወስድ አንድ ጨዋታ 6 ጊጋባይት ሊደርስ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው። ሳተላይት ግን አንድ ቤት ቢያየው ሚሊዮን ቤት ቢያየው አይጨናነቅም፤ ተመልካቹም በጊጋባይት አይጠየቅም። ያልተገደበ የፋይበር መስመር ቤቱ የገባለት ሰው ሒሳቡን እንደ ገና ቢሠራ ትክክል ነው፤ የፓኬጁን ገንዘብ ወደዚያ ማዞር ሊሻለው ይችላል።

ተከራዮችን በተመለከተ ምክሩ ትንሽ ይለያል። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ግድግዳ አስበስተው ትልቅ ዲሽ ቢተክሉ ቤት ሲለቁ ጥለውት ሊሄዱ ነው። ለእነሱ የሚሻለው ከአከራዩና ከግቢው ሰዎች ጋር ተስማምቶ ለግቢው አንድ ጥሩ ዲሽ ማቆም፣ ብዙ መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ገጥሞ በየክፍሉ አንድ ገመድ መሳብ ነው። ባለሙያው የሚጠራውም ዝናብ በተባለበት ሰሞን ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ላይ ታስሮ «ሠርቷል» የተባለ ዲሽ የሚፈተነው ደመና ሲመጣ ነውና፣ ከክፍያው የተወሰነው ከዚያ በኋላ ይሁን።